ውድ መሣሪያ፣ ውድ ጆሮ

የዛሬው ጥያቄ አጭር ነው። ለድምፅ መሣሪያ ተጨማሪ ገንዘብ ስንከፍል የምንሰማው ሙዚቃ በእውነት ይሻሻላል ወይ? ጥያቄው ባለጸጎችን ብቻ የሚመለከት ይመስል ይሆናል። በአሜሪካና በአውሮፓ ገበያ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የሚጠየቅበት ጥንድ ስፒከር አለ፤ መሣሪያን ከመሣሪያ ለማገናኘት ብቻ የተሠራ፣ ብዙ ሺህ ዶላር የሚያወጣ ገመድም አለ። እንዲህ ያለውን የሚገዛው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ሁለት የጆሮ ማዳመጫ ይዞ፣ አንደኛው የሌላውን አምስት እጥፍ ሲያወጣ የቱን ልግዛ ብሎ ሱቅ በር ላይ የሚያመነታ ወጣት የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። ለሠርግ አዳራሽ፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለትምህርት ቤት ድምፅ ማጉያ የሚመርጥ ኮሚቴም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ገንዘብ ያለው ሰው ቢሳሳት የሚጎዳው ትርፉ ነው፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ሲሳሳት ግን የሚጎዳው ወር ሙሉ የቆጠበው ነው። ስለዚህ መልሱን በማስረጃ መፈለግ ይገባናል።

የምደርስበትን አስቀድሜ ልናገር። ገንዘብ ድምፅን ያሻሽላል፤ የሚያሻሽለው ግን እስከ አንድ ደረጃ ድረስ፣ ያውም ለትክክለኛው ዕቃ ሲውል ነው። ከዚያ ደረጃ በላይ የሚከፈለው እያንዳንዱ ብር የሚገዛው ስለ ድምፁ ያለንን እምነት ነው። እምነቱም ከዋጋው፣ ከመልኩና ከስሙ የሚመጣ ስለሆነ መሣሪያው በመጋረጃ ሲሸፈን አብሮ ይጠፋል። የሙዚቃን ደስታ የሚወስኑት ትልልቆቹ ነገሮች፣ ማለትም ቀረጻው፣ የምንሰማበት ክፍል፣ የጆሯችን ጤንነትና የምንሰጠው ትኩረት፣ ከውድ ዕቃ ሱቅ አይገኙም። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድማችሁ ያዙልኝ።

ነገሩን ለመረዳት ድምፅ የሚያልፍበትን መንገድ እንይ። ሙዚቃው መጀመሪያ ከተቀመጠበት ይነበባል፤ ስልክ፣ ሲዲ ማጫወቻ፣ ካሴት ወይም ሸክላ ሊሆን ይችላል። የተነበበው ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት በአምፕሊፋየር ይጎላል። የጎላው ምልክት በገመድ አልፎ ስፒከሩ ይደርሳል፤ ስፒከሩም ኤሌክትሪኩን ወደ አየር እንቅስቃሴ ይለውጠዋል። በመጨረሻ ያ እንቅስቃሴ በክፍሉ ግድግዳ፣ ጣሪያና ወለል ላይ እየተንጸባረቀ ጆሮ ይገባል። ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ማንበብና ማጉላት የኤሌክትሮኒክስ ሥራዎች ናቸው፤ የሰው ልጅ በሚገባ ከተካናቸው ብዙ ዓመት ሆኗል፣ በርካሽም ይሠራሉ። የስፒከር ሥራ ግን ሜካኒካዊ ነው። ማግኔት፣ ጥቅል ሽቦና ከወረቀት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ሸራ ተባብረው አየር መግፋት አለባቸው፤ ይህ ደግሞ አስቸጋሪ ነው። የክፍሉ ነገር ከሁሉም ይከብዳል። እንግዲህ ገንዘብ የት ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ የሚነግረን ይህ ልዩነት ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። ጤናማ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20 ሺህ ኸርዝ የሚደርስ፣ ማለትም በሰከንድ ይህን ያህል ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይሰማል፤ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር የላይኛው ጠርዝ እየተሸረሸረ ይወርዳል። ፊሊፕስና ሶኒ በ1982 ለገበያ ያቀረቡት ሲዲ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ናሙና እየወሰደ ይመዘግባል፤ በዚህም እስከ 22 ሺህ ኸርዝ ያለውን ድምፅ መያዝ ይችላል። በጸጥታውና በጩኸቱ መካከል የሚሰጠው ርቀትም የድምፅ ኃይል በሚለካበት ዴሲቤል ወደ 96 ይጠጋል፤ ይህም በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ ልንጠቀምበት ከምንችለው በላይ ነው። አንዳንድ ሰዎች በናሙናዎቹ መካከል ክፍተት ስላለ ሙዚቃው እንደ ደረጃ ተቆራርጦ ይቀራል ብለው ይሠጋሉ። ሃሪ ናይኲስት በ1928፣ ክሎድ ሻነን በ1949 ያቆሙት ሒሳብ ግን እንዲህ አይልም። ከናሙናው ቁጥር ግማሽ በታች ያለ ሞገድ ሁሉ ከናሙናዎቹ ተነሥቶ ሳይጎድል መልሶ ሊሠራ ይችላል። ዛሬ ተራ ስልክ ውስጥ ያለች ትንሽ ቺፕ ይህን ሥራ ትሠራዋለች።

ከሲዲ የበለጠ ጥራት አለው የሚባለው ቅጂ በውድ ዋጋ ሲሸጥ ታዲያ ምን እየተሸጠ ነው? ብራድ ማየርና ዴቪድ ሞራን የተባሉ ሁለት ሰዎች በ2007 በአሜሪካ የድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ይህንን ፈትኗል። ከፍተኛ ጥራት ያለውን ቅጂ ያጫውቱና አንዳንድ ጊዜ አድማጩ ሳያውቅ ምልክቱን ወደ ሲዲ ደረጃ ያወርዱታል፤ ከዚያም የቱ የቱ እንደሆነ ይጠይቁታል። ከአድማጮቹ መካከል የድምፅ ባለሙያዎችና የመሣሪያ አፍቃሪዎች ነበሩ፤ ሙከራውም ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቷል። ከ554 ሙከራዎች ውስጥ ትክክለኛ መልስ የተገኘው በ276ቱ ነው። ይህም ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ ዘውድ ወይስ ጎፈር እያሉ ቢመልሱ የሚገኘውም ያው ነው። በአምፕሊፋየርም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ስቴሪዮ ሪቪው የተባለው መጽሔት በ1987 መጀመሪያ ባወጣው ፈተና ከ200 ዶላር ትንሽ ከሚበልጠው እስከ 12 ሺህ ዶላር ድረስ የሚያወጡ አምፕሊፋየሮች ተወዳድረዋል፤ ድምፃቸው እኩል ተደርጎና ማንነታቸው ተሸሽጎ ሲጫወቱ አድማጮች ሊለዩአቸው አልቻሉም።

«ድምፃቸው እኩል ተደርጎ» ያልኩት ቁልፍ ነገር ነው። ጆሮ ትንሽ ጎላ ያለውን ድምፅ ጎላ ያለ ነው አይልም፤ የጠራ ነው፣ የሞላ ነው፣ የሞቀ ነው ይላል። ስለዚህ ሁለት መሣሪያ ሲወዳደር ከአንድ ዴሲቤል አንድ አሥረኛ በሆነ ትክክለኛነት ካልተስተካከለ ውድድሩ አስቀድሞ ተበላሽቷል። ሱቅ ውስጥ ሻጩ ውዱን መሣሪያ ሲያሳየን የድምፁን ቁልፍ ትንሽ ወደ ላይ ቢያዞረው፣ ተንኮል ሳይኖርበት እንኳ፣ ገዢው ገንዘቡን አውጥቶ ይሄዳል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለው የአበው አነጋገር የተነገረው ለሐሜት ቢሆንም እዚህም ቦታ አለው፤ የገዛ ጆሯችን ስለ ምን እንደተደሰተ አይነግረንም።

ገመዱን ደግሞ ማንም ሰው እቤቱ ተቀምጦ በሒሳብ ሊፈትሸው ይችላል። ኤሌክትሪሺያን ለሶኬት የሚዘረጋውን ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ እናስብ። ስፒከሩ ከአምፕሊፋየሩ በ3 ሜትር ቢርቅ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ሲመለስ 6 ሜትር ይጓዛል። ይህ ርዝመት ያለው ሽቦ ተቃውሞ 0.04 ኦም ያህል ነው፤ የተለመደ ስፒከር ተቃውሞ ደግሞ 8 ኦም ነው። ሽቦው የሚያስቀረው ከሁለት መቶ አንድ እጅ ነው ማለት ነው፤ ወደ ድምፅ ሲለወጥ ከአንድ ዴሲቤል ሃያኛ ያንሳል። በተራ ሁኔታ ሰው የሚለየው ለውጥ አንድ ዴሲቤል ገደማ ነው። ገመዱ በብር ቢለበጥ፣ በሐር ቢሸፈን፣ በሚያምር ሣጥን ቢቀርብ ይህን ቁጥር ማሻሻል የሚችለው ጆሮ ከማይደርስበት ቦታ ላይ ነው። ቀጭን ሽቦ ረጅም መንገድ ሲሄድ ችግር እንደሚያመጣ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ወፈር ያለ ሽቦ ነው፣ እሱም በሜትር የሚሸጥ ተራ ዕቃ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት መሣሪያ ሁሉ አንድ ነው ለማለት ከተወሰደ ስቼ አስረድቻለሁ። ወደ ስፒከርና ወደ ጆሮ ማዳመጫ ስንመጣ ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ በግልጽም ይሰማል። የበገናን ድምፅ በስልክ ስፒከር የሰማ ሰው ይህን በቅርብ ሊያየው ይችላል። በገና አሥር አውታር አለው፤ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር የምትገባው እንዚራ የምትባል ቁራጭ ጠፍር አውታሩ ሲመታ እየነካች ያንን የታወቀውን ንዝረት ትፈጥራለች። የአውታሩ መሠረታዊ ድምፅ በጣም ጎርናና ነው። የስልክ ስፒከር ስፋቱ ከጥፍር ብዙም ስለማይበልጥ ከጥቂት መቶ ኸርዝ በታች ያለውን በአግባቡ ሊያወጣ አይችልም። ሆኖም ዜማውን እንሰማለን፤ ለምን? እንዚራዋ የምትፈጥረው ንዝረት ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ብዙ ተከታይ ድምፆችን ይሰጣል፤ አእምሯችን እነዚያን ይሰበስብና የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። የድምፅ ሳይንስ ይህን የጎደለው መሠረት ክስተት ይለዋል። ዜማው በዚህ መንገድ ይድናል፤ ደረት ላይ የሚያርፈው የበገና ከባድ አየር ግን አይገኝም፤ እሱን አእምሮ ሊፈጥረው አይችልም። ሰፋ ያለ ሸራ ያለው መካከለኛ ስፒከር ሲመጣ ያ አየር ይመጣል። እዚህ ላይ የተከፈለው ገንዘብ እውነተኛ ድምፅ ገዝቷል።

ስፒከርን በተመለከተ በጣም የተሟላውን ማስረጃ የሰጡን ካናዳዊው ፍሎይድ ቱልና ባልደረባቸው ሾን ኦሊቭ ናቸው። ቱል በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት፣ ኋላም ሐርማን በተባለው ኩባንያ ለአሥርት ዓመታት ሰዎችን ከመጋረጃ ፊት አስቀምጠው ስፒከር አስደምጠዋል። ያገኙት ውጤት ብዙዎች ከሚያስቡት ይለያል። ስለ ድምፅ የሰው ምርጫ እንደ ወጥ ቅመም የየራሱ ነው እንላለን፤ ሰዎች ስፒከሩን ሳያዩ ሲሰሙ ግን በአስገራሚ ሁኔታ ይስማማሉ። ኦሊቭ በ2003 ባወጡት ጥናት ከ250 የሚበልጡ የሠለጠኑና ያልሠለጠኑ አድማጮች አራት ስፒከሮችን ሲያወዳድሩ የደረጃ ቅደም ተከተላቸው በአብዛኛው አንድ ሆኗል። የሚመረጠው ስፒከር ጎርናናውንም ቀጭኑንም ሳያጋንንና ሳይደብቅ እኩል የሚያወጣው ነው፤ ይህም በመለኪያ አስቀድሞ ሊታወቅ ይችላል።

የመለኪያውና የዋጋው ግንኙነት ሲመረመር ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሩን ብሬባርት የተባሉ ተመራማሪ በ2017 የ283 የጆሮ ማዳመጫዎችን የድምፅ ሚዛን ለክተው ከዋጋቸው ጋር ቢያስተያዩት ምንም ግንኙነት አላገኙም። ጥሩ ሚዛን በርካሹም በውዱም ውስጥ አለ፤ መጥፎውም እንዲሁ። በርግጥ ዋጋ ምቾትን፣ ጥንካሬንና የውጭ ጫጫታ የማፈን ችሎታን ሊጨምር ይችላል፤ እነዚህም ገንዘብ የሚገባቸው ናቸው። ሆኖም ዋጋ የድምፅ ምስክር ሊሆን አይችልም። ቱልና ኦሊቭ በ1994 ያቀረቡት ሌላ ሙከራ ምክንያቱን ያሳያል። አርባ ሰዎች፣ ሁሉም የድምፅ ኩባንያ ሠራተኞች፣ አራት ስፒከሮችን አንድ ጊዜ እያዩ፣ አንድ ጊዜ ሳያዩ ሰሙ። እያዩ ሲሰሙ ትልልቆቹና ውዶቹ ከፍ ያለ ነጥብ አገኙ፤ ትንሿና ርካሿ የፕላስቲክ ስፒከር ተዋረደች። መጋረጃው ሲጋረድ ግን ትልልቆቹ ነጥብ ጣሉ፤ ትንሿም በውዶቹ መካከል ተቀላቀለች። የተለወጠው የድምፁ ሞገድ አልነበረም፤ አድማጮቹ በዓይናቸው ያገኙት መረጃ ነበር።

ይህ ነገር በድምፅ መሣሪያ ብቻ የሚታይ አይደለም። በ2010 በአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ 21 ቫዮሊን ተጫዋቾች መብራቱ በደበዘዘ ክፍል ውስጥ የብየዳ መነጽር አድርገው ስድስት ቫዮሊን ሞከሩ። ሦስቱ አዳዲስ ነበሩ፤ ሦስቱ በጥንቶቹ ስመ ጥር የጣሊያን ቫዮሊን ሠሪዎች በስትራዲቫሪና በጓርኔሪ እጅ የተሠሩ፣ የአዲሶቹን መቶ እጥፍ ያህል የሚያወጡ አሮጌዎች ነበሩ። ሙከራውን ያካሄዱት ክላውዲያ ፍሪትዝና ጆሴፍ ከርቲን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2012 እንዳሳተሙት፣ በብዛት የተወደደው ከአዲሶቹ አንዱ ሲሆን በብዛት የተጠላው ከስትራዲቫሪዎቹ አንዱ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሲጫወቱ የኖሩ ሰዎች እንኳ ስሙ ሲሸሸግ ዋጋውን በጆሯቸው ማግኘት አልቻሉም። ታላላቆቹ ቫዮሊኖች መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም። ጥሩ ዕቃ ከአንድ ደረጃ በኋላ ሌላ ጥሩ ዕቃ እንደሚያገኘው፣ የሚቀረው ርቀትም በስምና በታሪክ የተሞላ እንደሆነ ለማሳየት ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሊታለፉም አይገባም። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ ፈተና ሰውን ያስጨንቃል፣ ሙዚቃ ደግሞ በጭንቀት አይሰማም፣ ስለዚህ መጋረጃው ራሱ ጆሮን ያደነዝዛል። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ መጋረጃው ሁሉንም ልዩነት በደመሰሰ ነበር። ያየነው ግን ሌላ ነው። በዚያው መጋረጃ ፊት የተቀመጡ ሰዎች ስፒከርን ከስፒከር በጽኑ ይለያሉ፤ ምርጫቸውም እርስ በርስ ይስማማል። ሚዛኑ ጤፍን ከበርበሬ መለየት ከቻለ፣ ሁለት እኩል ቁና አስቀምጠንበት እኩል ናቸው ሲለን ተበላሽቷል ልንለው አንችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። በለንደን ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ጆሹዋ ራይስ በ2016 ከሲዲ በላይ ጥራትን የፈተኑ 18 ጥናቶችን በአንድ ላይ መርምረዋል። ከ12 ሺህ በሚበልጡ ሙከራዎች ውስጥ ትክክለኛው መልስ 52.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ አስቀድመው ሥልጠና የወሰዱ አድማጮች ደግሞ ከዚህ የተሻለ አግኝተዋል። ስለዚህ ፈጽሞ ልዩነት የለም ማለት አይቻልም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን ቁጥሩ የሚለውን በደንብ እንስማው። በዕድል ብቻ ከመቶ ሃምሳ የሚገኝበትን ጥያቄ፣ አድማጮች በጸጥታ ክፍል በጥሩ መሣሪያ ተቀምጠው፣ ሙሉ ሐሳባቸውን ልዩነት ፍለጋ ላይ ጥለው፣ ከመቶ ሃምሳ ሁለት አገኙ። ይህን ያህል ፍለጋ የሚጠይቅ ልዩነት ለሳይንስ አስደሳች ነው፤ ከሥራ ደክሞ መጥቶ የሚወደውን ዘፈን ለሚከፍት ሰው ግን ደስታ የሚጨምር አይሆንም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይልቅ ሰብአዊ ነው፤ እምነትም ቢሆን ደስታ እስከሰጠ ድረስ ምን ይጎዳል? ተቃውሞው ማስረጃ አለው። በካሊፎርኒያ የተደረገና በ2008 የታተመ ጥናት ሰዎች አንዱን ወይን ጠጅ አንድ ጊዜ 10 ዶላር፣ አንድ ጊዜ 90 ዶላር ነው እየተባሉ ሲቀምሱ፣ በአእምሯቸው ውስጥ ከደስታ ጋር የሚያያዘው ክፍል ውድ ነው ሲባሉ ይበልጥ እንደሠራ አሳይቷል። ስለዚህ በውድ መሣሪያ ፊት ተቀምጦ ተደስቻለሁ የሚል ሰው እየዋሸ አይደለም፤ በእውነት ተደስቷል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ይህ ደስታ ከዋጋ መለያው የመጣ ስለሆነ ነገ ሌላ የዋጋ መለያ ሲመጣ ያልፋል። ጎረቤት የተሻለ ሲገዛ፣ አዲስ ሞዴል ሲወጣ፣ ትናንት አንጀት ያራሰው መሣሪያ ዛሬ የጎደለው ነገር ይመስላል። ሰውዬውም ሙዚቃ መስማቱን ትቶ መሣሪያውን ይሰማል። ከዚህ በላይ ደግሞ፣ ሻጭ እምነትን በድምፅ ስም ሲሸጥ ገዢው በነጻ ሊያገኘው የሚችለውን በዕዳ ይገዛል። መብራት አደብዝዞ፣ ስልክ አጥፍቶ፣ ዓይን ጨፍኖ አንድ ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መስማት ያንኑ ዝግጁነት በአእምሮ ውስጥ ይፈጥራል፤ ምንም አያስከፍልም።

እንግዲህ ገንዘባችንና ሐሳባችን ወዴት ይሂድ? መጀመሪያ ወደ ክፍሉ። በ1895 በአሜሪካው ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የተሠራ የትምህርት አዳራሽ ንግግር የማይሰማበት ሆኖ ተገኘ። ዋላስ ሳቢን የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር ምክንያቱን እንዲያጣራ ታዘዘ። ሌሊት፣ ከተማው ጸጥ ሲል፣ የኦርጋን ቧንቧ እያሰማ ድምፁ እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ በሰዓት ለካ፤ ባዶው አዳራሽ ውስጥ አንድ ድምፅ ከአምስት ሰከንድ በላይ እየተንከራተተ ይቆይ ነበር። ቀጣዩ ቃል ሲነገር ያለፈው ገና አልሞተም ማለት ነው። ሳቢን ከሌላ ቲያትር ቤት የወንበር ትራሶች እያስመጣ በክፍሉ ደረደረ፤ ትራስ በጨመረ ቁጥር የድምፁ ዕድሜ አጠረ። የአንድን ክፍል ማስተጋባት አስቀድሞ ማስላት የቻለ የመጀመሪያው ሰው የሆነው ከዚህ ተነሥቶ ነው፤ በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽም በእሱ ስሌት ተሠራ። ትምህርቱ ለእኛ ቤት ይሠራል። ጠፍጣፋ የሲሚንቶ ግድግዳ፣ የሴራሚክ ወለልና መጋረጃ የሌለው መስታወት ባለበት ሳሎን ውስጥ የዓለም ውድ ስፒከር ቢቀመጥ ጩኸቱ ይፋጃል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ፣ ግድግዳው ዳር መጻሕፍት የሞሉበት መደርደሪያ ሲኖር መካከለኛው ስፒከር ይናገራል። ስፒከሩን ከጥግ አውጥቶ ጥቂት ወደ ክፍሉ ማስገባት ደግሞ በጎርናናው ድምፅ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከማንኛውም ገመድ ለውጥ ይበልጣል።

ቀጥሎ ወደ ቀረጻው። መሣሪያ የተቀዳውን ያወጣል፤ ያልተቀዳውን አይፈጥርም። ዛሬ ብዙ ዘፈኖች ጎልተው እንዲሰሙ ሲባል በማስተሪንግ፣ ማለትም ከመውጣታቸው በፊት ባለው የመጨረሻ ዝግጅት፣ ለስላሳውና ኃይለኛው ድምፅ እኩል እስኪሆን ይጨፈለቃሉ። ሜታሊካ የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ2008 ያወጣው ዴዝ ማግኔቲክ የተሰኘ አልበም በዚህ ምክንያት ከአድማጮቹ ብርቱ ቅሬታ ደርሶበታል። እንዲህ የተጨፈለቀ ቀረጻ በውድ መሣሪያ ሲጫወት መጨፍለቁ ይበልጥ ጎልቶ ይሰማል እንጂ አይድንም። በተቃራኒው ቀረጻው ትሑት ሆኖ ነፍስ ካለው ድኻ መሣሪያም አይገድለውም። ለዚህ ከእኛው ቤት ትልቅ ምስክር አለ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይዞ ብቻውን አንድ ሥራ ቀዳ። ሥራው በካሴት ወጣ። ካሴት ማለት ስፋቷ አራት ሚሊሜትር የማትሞላ፣ በሰከንድ አምስት ሴንቲሜትር እንኳ የማትሄድ ቴፕ ናት፤ ሁልጊዜ የሚሰማ የራሷ ሹክሹክታም አላት። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያችን ሥራ ባሕር ዳር ውስጥ አገኛት፤ በ2013ም ለዓለም ገበያ ዳግም አሳተማት። በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ የኖረው ኃይሉ እንደገና መድረክ ላይ ወጣ፤ ቋንቋችንን የማያውቁ ሰዎች በየአገሩ ሊሰሙት ተሰለፉ። ያ ሁሉ ፍቅር ያለፈው በዚያች ጠባብ ቴፕ ነው። ወላጆቻችን በአንድ ስፒከር ቴፕና ሬዲዮ የሰሙትን ሙዚቃ ዛሬም በእንባ የሚያስታውሱት የድምፁ ጥራት ስለማረካቸው አይደለም። ድምፃዊው፣ ግጥሙና ጊዜው ስለነኳቸው ነው።

በመጨረሻ ወደ ጆሮ። ከጠቀስኳቸው ዕቃዎች ሁሉ ቢሰበር የማይተካው ይህ ነው። የውስጥ ጆሮ ረቂቅ የፀጉር ሕዋሳት በከባድ ድምፅ ሲሞቱ በሰው ላይ ዳግም አይበቅሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ጥንቃቄ በጎደለው አደማመጥ ምክንያት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ወጣቶች የመስማት ጉዳት ሥጋት ላይ እንዳሉ ያስጠነቅቃል፤ ለአዋቂ ሰው የሚመክረውም በሳምንት ለ40 ሰዓት ከ80 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ነው። ድምፅ በሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ያጥራል። ጫጫታ በሞላበት ታክሲ ውስጥ ተቀምጠን ሙዚቃውን ከሞተሩና ከረዳቱ ጩኸት በላይ ለማድረግ ቁልፉን ስናስጨርስ፣ ምንም ገንዘብ መልሶ የማይገዛውን ነገር እናወጣለን። የውጭ ድምፅ የሚያግድ፣ ጆሮ ላይ በደንብ የሚገጥም ማዳመጫ መግዛት ተገቢ የሚሆነውም በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነው፤ ቁልፉን ዝቅ አድርገን እንድንሰማ ያስችለናል።

እንግዲህ ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። አቅማችሁ የቻለውን ሚዛናዊ ስፒከር ወይም የጆሮ ማዳመጫ ምረጡ፤ ስትመርጡም የምታውቁትን ዘፈን ይዛችሁ ሂዱ፣ የሁሉንም ድምፅ እኩል አስደርጉ፣ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ስሙ። ለገመድና ለአምፕሊፋየር ስም ትርፍ ገንዘብ አታውጡ። የተረፈውን ለምንጣፍና ለመጋረጃ፣ ለሙዚቀኞቻችን ሥራ በሕጋዊ መንገድ ለመክፈልና ኮንሰርታቸውን ለመታደም አውሉት። ከአንድ ዴሲቤል ሃያኛ ለማትሞላ ልዩነት በሚወጣው ገንዘብ አንድ ድምፃዊ ስቱዲዮ ገብቶ አዲስ ሥራ ሊቀዳ ይችላል፤ ያ ሥራ ደግሞ በመጋረጃም ተጋርዶ ይሰማል።